ቁንዶ በርበሬና ነፍስ፦ ከሊዝበን እስከ ላጎስ

በሊዝበን ቤሌም በተባለው ሰፈር፣ ከቴዦ ወንዝ ዳር፣ የፖርቱጋልን የባሕር አሰሳ ያስጀመረው ልዑል ሄንሪ የሞተበት 500ኛ ዓመት ሲታሰብ በ1960 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቆመው የአሳሾች ሐውልት 52 ሜትር ከፍታ አለው። በመርከብ ቅርጽ በተሠራው በዚህ ሐውልት ላይ ከተሰለፉት 33 ምስሎች መካከል አስቀድሜ የፈለግሁት የፔሮ ዳ ኮቪልያን ነበር፤ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከቫስኮ ዳ ጋማ ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነውና። የፖርቱጋል ንጉሥ ዡዋው 2ኛ ይህን ዐረብኛ ዐዋቂ ሰው በ1487 የላከው ሁለት ነገር አጣርቶ እንዲመለስ ነበር፤ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ ከወዴት እንደሚመጣ፣ እንዲሁም አውሮፓውያን በዝና ብቻ የሚያውቁት ክርስቲያን ገዥ፣ «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ»፣ የት እንደሚገኝ። ኮቪልያ ነጋዴ መስሎ በካይሮና በኤደን በኩል እስከ ሕንድ ወደብ እስከ ካሊከት ዘለቀ፤ በኋላም ወደ ሀገራችን ገባና እንዲወጣ ሳይፈቀድለት በዚያው ቀረ። በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ያገኙት ሚስት አግብቶ፣ ርስት ተሰጥቶት ሲኖር ነው። ገበያውና መስቀሉ በአንድ ተልእኮ መጠቅለላቸው ላኪዎቹን የሚያስጨንቅ ጉዳይ አልነበረም፤ የሙስሊምና የቬኒስ ነጋዴዎች የያዙትን የቅመም መንገድ ማለፍ ትርፍም ጽድቅም ሆኖ ይታያቸው ነበር።

የዤሮኒሞስ ገዳም ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው። ንጉሥ ማኑኤል 1ኛ ገዳሙን ያሠራው ከአፍሪካና ከምሥራቅ በሚመጣው ሸቀጥ ላይ ከተጣለው 5 በመቶ ገደማ ቀረጥ ሲሆን፣ ዳ ጋማም የተቀበረው እዚሁ ነው። (በአጠገቡ ካለው ኬክ ቤት ደጃፍ የሚሰለፈው ሕዝብ ከገዳሙ ሰልፍ የሚያንስ አልመሰለኝም።)

ከዚያ ወደ ደቡብ በባቡር ተጉዤ፣ ቱኔስ በተባለ ጣቢያ ባቡር ቀይሬ ላጎስ ደረስሁ፤ የናይጄሪያዋ ሳትሆን በደቡብ ፖርቱጋል ያለችው ላጎስ ናት። ኦገስት 8 ቀን 1444 ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ተይዘው የመጡ 235 ሰዎች ከመርከብ ወርደው በዚህች ከተማ ዳርቻ ባለ ሜዳ ላይ ተከፋፈሉ። የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊ ዙራራ እናቶች ከልጆቻቸው ሲነጠሉ የነበረውን ዋይታ እያዘነ ይተርካል፤ በዚያው ትረካ ግን ልዑል ሄንሪ በፈረስ ላይ ሆኖ የድርሻውን 46 ሰዎች እንደተቀበለ፣ ነፍሳቸው በመዳኗም እንደተደሰተ ያወሳል። ይኸው ጸሐፊ ልዑሉን ወደ ባሕር ያነሣሡትን ምክንያቶች ሲዘረዝር ያልታወቀውን ምድር ማወቅን፣ ንግድን፣ የሙስሊሞችን ኃይል መመዘንን፣ ክርስቲያን አጋር መፈለግንና ወንጌልን ማስፋፋትን ይጠቅሳል፤ የባሪያ ንግድን በምክንያትነት አላሰፈረም። ከእነዚህ ዋናው የትኛው ነበር የሚለውን ክርክር እኔ ላጎስ ላይ ተውሁት፤ በዚያ ሜዳ ሒሳቡም ጸሎቱም ሳይጋጩ አብረው ውለዋልና።

የልዑሉ ሐውልትና ዛሬ ሙዚየም የሆነው የባሪያ ገበያ ሕንፃ የሚገኙት በአንድ አደባባይ ላይ ነው። በ2009 ከአሮጌው ቅጥር ውጭ ለመኪና ማቆሚያ መሬት ሲቆፈር፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ ስፍራ ከ150 የሚበልጡ አፍሪካውያን አፅም ተገኘ። ነፍሳቸው ትድናለች ተብሎ ለመጡት ለእነዚህ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር እንኳ አልተሰጣቸውም።