የሚና ጨዋታ በደሴ ኪራይ ቤት

ለዚህ ነገር አማርኛ ያዘጋጀለት ስም የለም፤ ያለው ስድብ ነው። ብልግና፣ ነውር፣ የፈረንጅ በሽታ፣ ሲብስም «ዛር ሰፍሮበት ነው»። ባልና ሚስት በራቸውን ዘግተው፣ ተስማምተው፣ ለአንድ ሰዓት ሌላ ሰው ሆነው መዋላቸውን የሰማ ሁሉ ከነዚህ አንዱን መርጦ ይለጥፍባቸዋል። እኛ ቤት «የሚና ጨዋታ» ይባላል። ቃሉን የወደድነው «ጨዋታ» ወሬም ስለሆነ ነው፤ ወሎ ላይ «እስቲ ተጫወት» የተባለ እንግዳ የሚጠበቅበት ማውራት ነው። ይህም የሚጀምረው ከማውራት ነው፣ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው።

የዛሩ ስድብ ብቻ ትንሽ እውነት አለው። ሰው በሌላ ድምፅ ሲናገር፣ በሌላ ስም ሲጠራ ማየት ለኛ አገር አዲስ አይደለም። ባለዛሩ ግን መውጫውን አይመርጥም። እዚህ መውጫው ከመግቢያው በፊት ይዘጋጃል።

ማናችን ባል፣ ማናችን ሚስት እንደሆንን አልናገርም፤ ለምክሩ የሚጨምረው ነገር የለም። ሁለታችንም ከሠላሳ ዓመት በላይ ነን፣ የምንኖረውም ደሴ፣ ኪራይ ቤት ነው።

በሽታ ነው ወይ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ አሥራ አንደኛ እትም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ሥራ ላይ ሲውል፣ በአሥረኛው እትም እንደ ሕመም ተቆጥሮ የነበረውን በአዋቂዎች ስምምነት የሚደረግ የማሰርና የመታሰር፣ የማዘዝና የመታዘዝ ፍላጎት ከዝርዝሩ አውጥቶታል። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የአእምሮ ሕመም መለያ መመሪያ አምስተኛ እትም ያልተለመደ ፍላጎትን ከሕመም ለይቶ አስቀምጧል፤ ሕመም የሚባለው ባለቤቱን ራሱን ሲያስጨንቀው ወይም ያልፈቀደ ሰው ላይ ሲደርስ ነው። ይህን ለጎረቤት ማስረዳት አይሞከርም። ለሁለታችሁ ግን አንዴ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከመካከላችሁ አንዱ «አብጄ ይሆን?» እያለ ከተቀመጠ እውነቱን አይናገርም።

ሐሜትን ሰው ይለምደዋል። የሚጎዳው ይሉኝታ ነው። ያገራችን ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» አይልም፤ «እሺ» ይላል፣ «ይሁን» ይላል፣ «እንዳልክ»፣ «ምን ችግር አለው» ይላል። ቡና ሲጋበዝ ይህ ጨዋነት ነው፤ መኝታ ቤት ውስጥ ግን አደጋ ነው። ስለዚህ አራቱንም ከፈቃድ አንቆጥራቸውም። ፈቃድ የምንለው ሰውየው ራሱን ባለቤት አድርጎ የተናገረውን ግስ ነው፤ «እፈልጋለሁ»፣ «ልሞክረው»። «እሺ» ከመጣ ጠያቂው አንድ ጊዜ ብቻ «እሺ ነው ወይስ እፈልጋለሁ?» ብሎ ያጣራል። «እፈልጋለሁ» ካልመጣ ያ ጉዳይ ለዚያ ቀን ተዘጋ። ሁለተኛ መጠየቅ ልመና ነው፣ የተለመነ ሰው ደግሞ ይሸነፋል።

የ«እምቢ» ነገር ከዚህም ይከብዳል። የውጭ መመሪያዎች ማቆሚያ ቃል፣ ማለትም ሲጠራ ሁሉም ነገር እንዲቆም አስቀድሞ የተስማሙበት ቃል ካለ «ተው» እና «እምቢ» የጨዋታው አካል ሊሆኑ ይችላሉ ይላሉ፤ ገጸ ባሕርይው እምቢ ቢልም ማቆሚያው እስካልተጠራ ይቀጥላል ማለት ነው። እኛ ይህን አልተቀበልንም። የሴት እምቢታ «እሺ ማለቷ ነው» እየተባለ ሲተረጎም በኖረበት አገር ይህን ልማድ አልጋ ላይ ማለማመድ አይገባም። እኛ ቤት «ተው»፣ «እምቢ»፣ «በቃ» ከተባለ ይቆማል፤ ማቆሚያ ቃሉ በላዩ የተጨመረ ነው። ጋብቻ ራሱ ፈቃድ ነው የሚል ካለ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ ለሚፈጸመው ብቻ መወሰኑን እየጠቀሰ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ያልሸፈነው ነገር ሁሉ ግን የተፈቀደ ነው ማለት አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ማስቆም የማይችልበት ነገር ስሙ ጥቃት ነው።

ወሬው የሚካሄደው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ላይ ነው። ማታ አይሆንም፣ አልጋ ላይ ጭራሽ አይሆንም። አንድ የደብተር ወረቀት ለሁለት ይቀደዳል፣ እያንዳንዱ ሰው በየፊናው 20 ደቂቃ ይጽፋል፦ አዎ፣ ምናልባት፣ በፍጹም። መጀመሪያ በቃል ነበር የምንነጋገረው። አልሠራም፤ ሁለተኛ ተናጋሪ የመጀመሪያውን እየተከተለ አሳመረ። አጻጻፉም መታረም ነበረበት። «ማዘዝ» ብሎ መጻፍ ባዶ ነው፣ አንዱ ሻይ አፍላ ማለቱን ሲያስብ ሌላው ሌላ ያስባል። «ሁለት እጅ፣ ከፊት ለፊት፣ በሻሽ፣ ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ» ተብሎ ሲጻፍ ግን የሚያከራክር ነገር አይቀርም። አቦል ሲጠጣ ይጻፋል፣ ቶና ላይ ወረቀቶቹ ይነጻጸራሉ፣ እስከ በረካ ካላለቀ ለሌላ ሳምንት ያድራል። «በፍጹም» ውስጥ የገባ ነገር ለምን ተብሎ አይጠየቅም። «ምናልባት»ም «አዎ» አይደለም። ከዚያ ሁለቱም ወረቀት እዚያው የቡናው ከሰል ላይ ይቃጠላል፤ መሳቢያ ውስጥ የተደበቀ ወረቀት ቤት የምታጸዳው ልጅ ወይም ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ እጅ ይገባል።

ሳይጻፉም «በፍጹም» የሆኑ አሉን። የሕፃን ወይም የተማሪ ገጸ ባሕርይ የለም፤ ተጫዋቹም ገጸ ባሕርይውም አዋቂ ነው። የቄስና የሸህ ልብስ አይነካም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም ባለበት ከተማ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። የጾም ቀንና ረመዳን ለሚያከብር ሰው ቀኑ አስቀድሞ ይቆረጣል፣ «ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ረሳሁት» ማለት የለም። ወታደርና ምርኮኛ፣ መርማሪና ታሳሪ የሚሉት ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ዝርዝሮች ላይ አይጠፉም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ነበር። በዚያ ጊዜ በር ሲደበደብ የሰማ ሰው ሰውነቱ ጨዋታና እውነትን አይለይም። እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ አካባቢ ያንን ሚና ከነጭራሹ መተው ነው የሚሻለው።

ልብስና ዕቃ አንገዛም። የአማርኛ አክብሮት ራሱ ልብስ ነው። ዘመኑን ሁሉ አንተ አንቺ ተባብለው የኖሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በሩን ከፍቶ «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?» ሲል ክፍሉ ይለወጣል። መግቢያችን ይኸው ነው፤ «እርስዎ» ከተባለ ተጀመረ፣ የቤት ስም ከተጠራ አለቀ። ሚናው ቀላል ነው፤ ከወልድያ ሲመለስ መኪና የተበላሸበት ተሳፋሪና ማደሪያ የሰጠው ሰው፣ አልጋ የያዘ እንግዳና የሆቴሉ ኃላፊ። መጀመሪያ የሞከርነው «አንቱ»ን ነበር። እዚህ አገር አንቱ ለአማት፣ ለአጎት፣ ለሽማግሌ የሚባል ነው፤ ከሁለታችን አንዱ ቃሉ ውስጥ የገዛ አባቱን ሰማና ነገሩ እዚያው ሞተ። «እርስዎ» የቢሮና የሆቴል ቃል ስለሆነ ዘመድ አያስጠራም።

ማቆሚያው የተለመደው የትራፊክ መብራት ነው፦ አረንጓዴ ይቀጥል፣ ቢጫ ቀስ ይባል፣ ቀይ ይቁም። «ቀይ» ለአማርኛ የተሠራች ትመስላለች፤ አጭር ናት፣ «ቀ»ዋም በሹክሹክታ እንኳ ትሰማለች። የሚያጫውተው ሰው በየ10 ደቂቃው ይጠይቃል። «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም፤ የኛ ሰው ትኩሳት ይዞትም «ደህና፣ ተመስገን» ነው የሚለው። ጥያቄው «ቀለም?» ነው፣ መልሱም ቀለም መሆን አለበት። ዝምታ እንደ ቀይ ይቆጠራል። መናገር በማይመችበት ጊዜ ደግሞ ቁልፍ በእጅ ይያዛል፤ ከተጣለ ቀይ ነው። ቁልፉ ሲሚንቶ ወለል ላይ ጥሩ ይጮኻል፣ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ እጁ ከአልጋው ጠርዝ ወጣ ማለት አለበት፤ ሳይጀመር አንዴ ጥሎ መሞከር ነው።

ማሰር ካለ፦ የጥጥ ሻሽ አራት ጣት ስፋት እስኪኖረው ታጥፎ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት እንዲያስገባ ሆኖ። የሚያንሸራትተው ናይለን ሻሽ አይሆንም፤ ሲጎተት ቋጠሮው ይጠብቅና በጥፍር አይፈታም። አንገት አይነካም፣ የታሰረ ሰው ለብቻው ለደቂቃም አይተውም። ጫፉ ዱልዱም የፋሻ መቀስ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ከጎኑም ባትሪ ይቀመጣል፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል።

ደሴ ላይ አንድ ልዩ ችግር አለ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ጣት ሳይታሰርም ይቀዘቅዛል። መመሪያው «ጣቱ ከቀዘቀዘ ፍታ» ይላል፤ የጦሳ ተራራ ብርድ በወረደበት ማታ የማን ጣት ነው የማይቀዘቅዘው? ስለዚህ አስቀድሞ እጅ ጋቢ ውስጥ 10 ደቂቃ ይሞቃል። ከዚያ ጥፍር ተጭኖ ይለቀቅና ደሙ ስንት ሰከንድ ውስጥ እንደሚመለስ ይታያል፤ የጤነኛና የሞቀ እጅ ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። ከታሰረ በኋላ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው። መደንዘዝ፣ እንደ መርፌ መውጋት፣ አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት አለመቻል ግን በብርድ አይሳበብም፤ ነርቭ ተጭኗል፣ ቋጠሮው ወዲያው ይፈታል። ተፈትቶም እጁ ከአንጓው ቀና ማለት ካቃተው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይኬዳል። ለሐኪሙም «ታስሮ ነበር፣ ይህን ያህል ደቂቃ» ይባላል። ከደረጃ ወደቅኩ ያለ ሰው የሚመረመረው ለስብራት ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ድምፅ እንዳይወጣ መስኮት ይዘጋል፣ የበሩ ስንጥቅ በጨርቅ ይደፈናል፣ ብርድ ስለሆነ ደግሞ የከሰል ምድጃ ይገባል። ይህ ገዳይ ነው። ጭሱ ያለቀ ፍም እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል ነው፤ ተጫዋቾቹም «ደክሞን ነው» ብለው ይተኛሉ። ከሰል ለቡና፣ እሱም በር ተከፍቶ። ለመኝታ ቤት ብርድ ልብስ ይበቃል። ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ስላለችና ስለምትሞቅ ይህ ችግር ያንሳል፣ ግን መስኮት ተከፍቶ ስለሚታደር ወሬው ወደ ግቢ ይወጣል።

ስለ ድምፅ ካነሳን፣ ተርታ በተሠሩ ኪራይ ቤቶች የሚያጋልጠው ከግድግዳው ይልቅ ኮርኒሱ ነው። የመለያው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒስ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ክፍት ነው፣ ድምፅ ተንሳፍፎ ሦስተኛው ክፍል ይወርዳል። አልጋን ከጎረቤት ግድግዳ ማራቅ ትንሽ ይረዳል፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከሁሉ የበለጠ ይረዳል። ምንም ይሁን ምን «ኡኡ» እና «ድረሱልኝ» የሚሉ ቃላት ከጨዋታው ውጭ ናቸው። ይህ ሰፈር «ኡኡ» ሲሰማ ዱላ ይዞ በር ገንጥሎ ይገባል። እንዲገባም ነው የምንፈልገው፣ አንድ ቀን እውነተኛ ጩኸት ይሆናል።

ጫት የተቃመበት ወይም የተጠጣበት ቀን ጨዋታ የለም። ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር «አዎ» ነው። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጣል፣ ፎቶ አይነሳም፣ ተነስቶ ይጥፋም አይባልም፤ ስልክ ይሰበራል፣ ለጥገና ይሰጣል። አንድ ቃል ኪዳንም አለን፤ ብንጣላና ሽማግሌ ፊት ብንቀርብ ይህ ጉዳይ አይነሳም። ይህን ሰላም እያለ መነጋገር ያስፈልጋል፣ ጠብ ውስጥ የሚገባ ቃል ኪዳን የለም።

ሲያልቅ የቤት ስም ተጠርቶ፣ መብራት በርቶ፣ ጋቢ ተደርቦ ስኳር ያለው ሻይ ይጠጣል፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ። መጀመሪያ ይህን ዘለልነው፤ ማግስቱን ያለ ምክንያት ሆድ ባሰን። አንዳንዱ ሰው በሁለተኛው ቀን ነው የሚከፋው፣ ስለዚህ ከ24 ሰዓት በኋላ ጠያቂው መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ምን ይቅር? ምን ይደገም የሚለው ይከተላል። ወረቀቱ ተቃጥሏልና በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ነገር እንደገና ከባዶ ይጻፋል፤ ያለፈው ሳምንት «አዎ» ከከሰሉ ጋር አመድ ሆኗል።