በባሕር ዳር ሁለት የወረቀት ጥይቶች

በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ ዐቢይ ጾም በተያዘ ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ የያዝኩት ትንሽ ሻንጣ ከልብስ ይልቅ በመሣሪያ የተሞላ ነበር፤ ማጉያ መነጽር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ውፍረት መለኪያ ካሊፐር፣ ለስላሳ ብሩሽና ልዩ ልዩ የወረቀት ቁርጥራጮች። መተዳደሪያዬ ያረጁ መጻሕፍትንና ሰነዶችን መጠገንና መጠረዝ ነው። ከባሕር ዳር የጠራኝ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በእናቱ ቤት ቆጥ ላይ ከቅድመ አያቱ የቆየ የቆዳ ዝናር እንደተገኘ፣ በአንዱ ኪሱም ውስጥ በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች እንዳሉ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም «የድሮ ጥይት ነው» እንዳሉት በስልክ ነግሮኝ ነበር። «ጥይት ከሆነ እኔን ምን አስጠራህ?» ብዬ ብጠይቀው «ወረቀት ስለሆነ ነዋ!» አለኝ።

ቤቱ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው። ስንደርስ እናቱ ረከቦቱን ዘርግተው፣ ከሰሉ ተቀጣጥሎ፣ ዝናሩ ደግሞ በሰፌድ ላይ ሆኖ ከምድጃው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ጠበቀን። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው መቶ ዓመት ቢያልፈውም መቀጣጠሉን አይተውም፤ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሰላምታውን በቅጡ ሳልጨርስ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሳቱ ወደ ውጭ ይውጣ» አልኳቸው። «እንግዳ መጥቶ ቡናው ሊቀር ነው እንዴ?» ብለው ቅር አላቸው። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን «ዕድሜውን ሙሉ ከምድጃ በላይ ነው የኖረው እኮ!» አሉና አማተቡ። ቡናውን በረንዳ ላይ ጠጣን። የቆጡ ጭስ ወረቀቱን ከተባይ ጠብቆት እንደሆነ ግን ከቀለሙ ያስታውቅ ነበር፤ እንደ ጠቆረ የእንጀራ ምጣድ ክዳን ሆኖ ጭስ ጭስ ይላል።

ከሁለቱ አንዱን አይጥ ከጅራቱ በኩል ቦጭቆት ባሩዱ ፈስሶ አልቋል፤ ሁለተኛው ደኅና ነው። ደኅናውን ላለመክፈት ገና ከመጀመሪያው ተስማማን፤ አደጋው እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ የተፈታ ጥቅልል እንደነበረ ተመልሶ አይታሰርም። የተቦጨቀውን ግን ለአንድ ሌሊት በእርጥብ ጨርቅ አጠገብ በተከደነ ሣህን ውስጥ አስቀምጬ ቃጫው ትንሽ ሲለሰልስ በማግስቱ ጠዋት ቀስ ብዬ ዘረጋሁት። ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ጎን ለጎኑ የማይተካከል ወረቀት ወጣ፤ አንዱ ጎን 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ በፊት ለፊቱ ያለው ጎን 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ስፋቱ 14 ሴንቲ ሜትር። ወደ መስኮቱ አንሥቼ ብርሃን ሲያልፍበት ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ታዩኝ፤ በሽቦ ወንፊት ላይ የተነሣ ወረቀት የሚተወው ጥላ ነው። ቃጫውም ረዣዥምና ጠንካራ፣ ከአሮጌ ጨርቅ የተሠራ ነው። ከእንጨት የሚሠራው ወረቀት ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የተስፋፋ ሲሆን እያደር ቢጫ ይሆናል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል፤ ይህኛው ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ እጥፋቱ ላይ እንኳ አልተሰነጠቀም።

ከተዘረጋው ጥቅልል የወጣውን አረርና ደኅናውን ጥይት ይዘን ከተማ ውስጥ ወዳለ ወርቅ ሠሪ ሄድን። ሰውየው ሚዛኑ ላይ እርሳስ ሲቀመጥበት ደስ አላለውም፤ ቢሆንም መዘነልን፣ 31 ነጥብ 4 ግራም። ላዩ ላይ ነጭ ዝገት ያበጀው ይህ ድቡልቡል እርሳስ ከዳር እስከ ዳር 17 ነጥብ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ደኅናው ጥይት በሙሉ ሲመዘን 40 ነጥብ 6 ግራም ሆነ። የሁለቱ አረር እኩል ነው ብለን ብንወስድ፣ ወረቀቱና ክሩ ደግሞ አንድ ግራም ያህል ስለሆኑ፣ ሳንከፍተው በውስጡ ወደ 8 ግራም ባሩድ እንዳለ ዐወቅን። ወርቅ ሠሪው ሂሳቡን ከእኛ ቀድሞ በቃሉ ሠርቶት ነበር።

የአረሩ መጠን ብዙ ይናገራል። እንግሊዞች ለመቶ ዓመት ከዚያም በላይ የተገለገሉበት ባለ ለስላሳ አፈሙዝ፣ ማለትም ውስጡ ጠምዛዛ ቦይ የሌለው፣ ጠመንጃ የውስጥ ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አረሩ ግን 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነበር። ልዩነቱ የሠራተኛ ስሕተት አይደለም። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ጥላሸትና ጨው ሆኖ ከፊሉ በጭስ ሲወጣ ከፊሉ በአፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል። አረሩ ከአፈሙዙ ጋር ቢተካከል ኖሮ ከጥቂት ተኩስ በኋላ አልወርድ ይል ነበር። ክፍተቱን የሚሞላው እንግዲህ ወረቀቱ ነው። ወታደሩ ጅራቱን በጥርሱ ነክሶ ይቀድዳል፣ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈስሳል፣ ከዚያ አረሩን ከነወረቀቱ አግብቶ በዘንግ ይደቀድቃል። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይተኩስ ነበር። በአውሮፓ ፊት ለፊት የሚገጥሙ ጥርሶች የሌሉት ሰው ለእግረኛ ጦር የማይመለመለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ በወረቀት ሥራ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከሁሉ የገረመኝ ይህ ጥቅልል ስንት ሥራ እንደሚሠራ ነው፤ ስፍር ነው፣ ቀረጢት ነው፣ ውታፍ ነው። ባሩዱን ከቀንድ እያንቆረቆረ የሚጎርስ ተኳሽ መጠኑን በዓይኑ ይገምታል፤ ሲፈራ ያበዛል፣ ሲቸኩል ያሳንሳል። የወረቀት ጥይት የያዘ ግን ልኩ ከጦርነቱ በፊት፣ በጸጥታ፣ ጠረጴዛ ላይ በሌላ ሰው እጅ ተሰፍሮለታል። ስለዚህ በወረቀት ጥይት የሚዋጋ ጦር ወረቀት የሚገዛ፣ የሚቆርጥ፣ የሚጠቀልልና የሚያከፋፍል መንግሥት ከኋላው አለው ማለት ነው። መጻሕፍቱን በብራና በሚጽፍ አገር ወረቀት ራሱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚህ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሚርቀው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስቀልጠው አሠርተዋል። ሴባስቶፖል የአንድ ጊዜ ታምር ነው። የጥይት ነገር ግን በየቀኑ፣ በሺሕ የሚቆጠር ጥቅልል ይጠይቃል።

የጓደኛዬ ቤተሰብ ጥይቱ ከመቅደላ የመጣ ነው ይላል። ወረቀቱና የአረሩ ልክ ይህን ወሬ አያፈርሱትም፣ አያጸኑትምም፤ ለጓደኛዬ እንዲህ ስለው ፊቱ ጠቆረ። ዘመኑ ግን ይመጥናል። በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጋር የዘመቱት የእንግሊዝ ወታደሮች ከኋላ የሚጎርሰውን፣ እኛ ስናድር የምንለውን ጠመንጃ ሲይዙ፣ ከህንድ የመጡት ወታደሮች የታጠቁት በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር። ለህንዶቹ አዲሱ መሣሪያ ያልተሰጠበት ምክንያትም ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1857፣ በህንድ ከተነሣው ዐመፅ ጋር የተያያዘ ነው። ለኤንፊልድ ጠመንጃ የመጣው የወረቀት ጥይት በላምና በዐሳማ ሞራ የተቀባ ነው የሚል ወሬ ተሰማ፤ በጥርስ የሚቀደድ ነገር ስለሆነ ሂንዱውም ሙስሊሙም አልነክስም አለ፤ ለዐመፁም አንዱ መነሻ ሆነ።

ይህን ታሪክ በሦስተኛው ቀን በጀልባ ዘጌ ተሻግረን፣ ጓደኛዬ ልጅ ሳለ ፊደል ላስቆጠሩት የኔታ ነገርኳቸው። ዘጌ መሄዳችን ለሰም ነበር፤ ጥይቱን የሚመስል ጥቅልል በራሳችን እጅ ለመሥራት አስበን ነበርና ጧፍ የሚያዘጋጁ የየኔታ ዘመዶች ንጹሕ ሰም እንዳላቸው ተነግሮናል። ልሳነ ምድሩ በ1858 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጦራቸውን ይዘው የሰፈሩበት፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ራሳም ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ቆራጣ ላይ ሆኖ የጠበቀበት ሥፍራ ነው፤ አሁን ግን በቡናው ጥላ ሥር ከወፍ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። የኔታ ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ውጊያው በምን ቀን ነበር?» አሉኝ። መቅደላ አጠገብ፣ አሮጌ በሚባለው ሥፍራ፣ ውጊያው የተደረገው ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት እንደሆነ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያ የኛ ሰው በሞራ የተቀባውን በስቅለት ነክሶ ከሆነ ከጥይቱ ይልቅ ንስሐው ይከብደዋል» አሉ። ከዚያም ሰሙን ራሳቸው መርጠው ሰጡን፤ ዋጋ አንቀበልም ብለው ለቤተ ክርስቲያን ዕጣን እንድንገዛ አዘዙን።

የሰሙ ጉዳይ ከእምነትም ሌላ የሙያ ጉዳይ አለው። የኤንፊልዱ ጥይት ቅባት በመጀመሪያ ሞራ የበዛበት፣ ሰም ያነሰበት ነበር። ሞራ በቆላ ሙቀት ይላላና ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሰም ግን ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም። በኋላ እንግሊዞቹም ወደ ሰም አዘነበሉ። የባሕር ዳር ቀትር ሞራ የተቀባ ናሙናችንን በአንድ ከሰዓት ውስጥ አወረዛው፤ በሰም የተነከረው ግን እንደነበረ ቆየ።

ስለ ሥራው ልናገር። ከጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በኋላ ጥይት በቤት ሠርቶ መገኘት ቀልድ አይደለም፤ እኛም የፈለግነው እጃችን እንዲማር ብቻ ስለነበር በአረር ፋንታ ብይ፣ በባሩድ ፋንታ ኑግ ተጠቀምን። ኑግ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና የሚፈስ ስለሆነ ከሩቅ ላየው ባሩድ ይመስላል፤ ቀለል ስለሚል ግን በክብደት ሳይሆን በስፍር፣ መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ 8 ሚሊ ሊትር እየለካን ሞላነው። በጥንቱ ጊዜም ባሩድ በስፍር እንጂ በሚዛን አይሞላም ነበር። ብዩ 16 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዚያው ልክ ከወይራ ዘንግ ቀርጸን አንዱን ጫፍ ብዩ እንዲቀመጥበት ጎድጎድ አደረግነው።

የፎቶ ኮፒ ወረቀት ገና ሲጠቀለል ይገነፍላል፣ ሲታሰርም ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጅራቱ ሲጠመዘዝ ይበጠሳል። ካኪ ወረቀት ለቀረጢት እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ በጥርስ ሲሳብ አልቀደድ ብሎ ጓደኛዬን አስቆጣው። በመጨረሻ እኔ መጽሐፍ ለመጠገን ከምጠቀምበት፣ ከጥጥ ከተሠራ ስስ ወረቀት ተገኘ መፍትሔው። ረጅሙን ጎን በዘንጉ ላይ አስቀድሞ መጠቅለል እንደሚገባም የተረዳነው ከአሥር ብልሽት በኋላ ነው፤ ያኔ ገላው ሁለት ዙር ተኩል ይደረብና ይጠነክራል፣ ጅራቱ ግን በሰያፉ አቆራረጥ የተነሣ አንድ ንብርብር ብቻ ይሆንና በቀላሉ ይቀደዳል። ያ ያልተካከለ ቅርፅ የተፈለገው ለካ ለዚህ ነበር።

ጅራቱን አጥፎ መጠምዘዙ ግን ለሁለታችንም አልሆነልንም። ኑጉ በአንዱ ወይም በሌላው በኩል ያፈተልክ ነበር። በሐይቁ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ልጅ ወረቀት በጣቷ ዙሪያ አዙራ፣ ጫፉን በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ስትሰካ ዐይቼ ቆሎ ገዝቼ ደጋግማ እንድታሳየኝ ለመንኳት፤ አምስት ጥቅልል ቆሎ አስገዝታኝ አስተማረችኝ። የክሩን ነገር ደግሞ የጓደኛዬ እናት ተረከቡ። በአሮጌው ወረቀት ላይ ክር የታሰረበት ሁለት ቦታ ይታያል፤ አንዱ ከአረሩ በታች፣ ሌላው አረሩንና ባሩዱን በሚለየው ወገብ ላይ። እማማ በእንዝርት የፈተሉትን ጥጥ በሰም አሽተው ወገቡን ሁለት ጊዜ ዞረው ሲስቡት ወረቀቱ ሳይቀደድ ይሰረጉዳል። «እናንተ የምታስሩት እንደ ከብት ነው፤ ይህ እኮ እንደ ሕፃን እትብት ነው የሚታሰረው» አሉን። እኔ በሃያ ዓመት የጥርዝ ሥራዬ እንዲህ ያለ ቋጠሮ አልሠራሁም።

በሁለት ቀን 34 ጠቀለልን፤ ወደ ታች ተዘቅዝቀው ሲወዘወዙ ኑግ ያልፈሰሰባቸው 10 ብቻ ነበሩ። የጥንቱ ጥይት በዐሥር በዐሥር እየታሠረ ይታደል እንደነበረ ስለማውቅ ዐሥሩን በወረቀት ጠቅልዬ በክር አሰርኳቸውና ለጓደኛዬ ተውኩለት። ደኅናውን ጥይት በቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ ከቤት አውጥቶታል፤ ለሚመለከታቸው አስታውቆ እስኪረከቡት ድረስ እሳት በማይደርስበት ዕቃ ቤት ይቆያል። እናቱ ዝናሩን ወደ ቆጡ መልሰውታል።

እኔ ይዤ የተመለስኩት የወረቀቱን ልክ ብቻ ነው፤ ከጥይት ቅርፅ ጋር አውሮፕላን ማረፊያ መግባት አልፈለግሁም። ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ካሊፐሩን አገላበጠ፣ ብሩሹን አራገፈ፤ ከጸጉሩ ሥር ሦስት አራት ጥቋቁር ፍሬዎች ጠረጴዛው ላይ ወረዱ። በጣቱ አንሥቶ አሸተተና «ኑግ ነው?» አለኝ። «ኑግ ነው» አልኩት።