ከመሣሪያው በፊት ነፋሱ፦ የኢንፍራሳውንድ ጣቢያ ዕቅድ እንዴት እንዳወጣሁ

ባሕር ጠለል ላይ አንድ ግፊት መለኪያ በ1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል የሚያነበው ግፊት በ0.12 ፓስካል ገደማ ይቀንሳል። የ1 ኪሎቶን ፍንዳታ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲከሰት፣ የላይኛው አየር ነፋስ አግዞት እንኳ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግፊት ከዚሁ ብዙ አይርቅም፤ ወደ 0.1 ፓስካል ነው። ቀላል ነፋስ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የግፊት መዋዠቅ ያመጣል። ኢንፍራሳውንድን፣ ማለትም ከ20 ኸርዝ በታች የሆነውንና የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ፣ የመቅዳት ሥራ ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከነዚህ ሦስት ነገሮች ነው። እኔ ግን ዕቅዱን ስጀምር የመጀመሪያውን ወር ያጠፋሁት የሴንሰር ካታሎግ በማገላበጥ ነበር።

ለመነሻ የያዝኩት እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ለፊርማ የቀረበው ሁሉን አቀፍ የኑክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት ያስቀመጠውን መመዘኛ ነው። የስምምነቱ ዓለም አቀፍ ክትትል መረብ በ35 አገሮች 60 የኢንፍራሳውንድ ጣቢያዎች እንዲኖሩት ታስቧል። አንድ ጣቢያ ቢያንስ 4 የመለኪያ ነጥቦች ያስፈልጉታል። ከ0.02 እስከ 4 ኸርዝ መስማት፣ በሴኮንድ ከ10 ያላነሰ ናሙና መውሰድ፣ ሰዓቱን በ1 ሚሊሴኮንድ ውስጥ መጠበቅም ግዴታው ነው። ለእኛ ቅርብ የሆኑት የጅቡቲውና ናይሮቢ አጠገብ ያለው ጣቢያ ናቸው። እኔ ያቀድኩት የመረቡ አካል የማይሆን፣ በሁለቱ መካከል በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚቆም የምርምር ጣቢያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚመጣውን ቴክኖሎጂ ሳይፈርስ እንዲቀበል አድርጌ መንደፍ ነበረብኝ።

ሴንሰሩ የሚያሳስበው ትንሽ ነው። በፓስካል 20 ሚሊቮልት የሚሰጥ ማይክሮባሮሜትር (ጥቃቅን የግፊት ለውጥ የሚለካ ሴንሰር) 40 ቮልት ስፋት ካለው ባለ24 ቢት ዲጂታይዘር (ቮልቱን ወደ ቁጥር ከሚለውጥ መሣሪያ) ጋር ብናገናኝ አንዷ ቆጠራ 2.4 ማይክሮቮልት ትሆናለች። ስለዚህ 1 ሚሊፓስካል ከ8 ቆጠራ በላይ ይሰጣል፤ መመዘኛው የሚጠይቀው ግን 1 ቆጠራ ብቻ ነው። ሴንሰሩን በእጥፍ ዋጋ ብንለውጠው ነፋሱ ያው ነፋስ ነው። በሐሩር አካባቢ ልብ መባል ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ 100 ፓስካል ገደማ ይወጣል ይወርዳል። ከ0.01 ኸርዝ በታች ያለውን ሴንሰሩ ራሱ ካልቆረጠው ከዲጂታይዘሩ 40 ቮልት ስፋት 2 ቮልት ያህሉን ይህ ብቻ ይይዝበታል።

ነፋሱን የምንቀንስበት ዘዴ በአንድ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። 1 ኸርዝ የሆነ ኢንፍራሳውንድ የሞገድ ርዝመቱ 340 ሜትር ነው። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚያው 1 ኸርዝ የሚፈጥረው የአየር ሽክርክሪት ግን 5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በ18 ሜትር ክበብ ውስጥ 96 የአየር መግቢያዎች ዘርግተን በቧንቧ አንድ ሴንሰር ላይ ብናገናኛቸው ፍንዳታው በሁሉም መግቢያ እኩል ይገባል፤ የነፋሱ ግፊት ግን እየተጣፋ ይሄዳል። በመርህ ደረጃ ጫጫታው በ96 ካሬ ሥር ይከፈላል፣ ወደ 20 ዴሲቤል መሆኑ ነው።

ወረቀት ላይ ያማረው ይህ ስሌት መሬት ላይ ሲወርድ የሚከዳበት ቦታ አለ። በሴኮንድ 3 ሜትር ነፋስና በ0.2 ኸርዝ ሽክርክሪቱ 15 ሜትር ይሆናል፤ 18 ሜትር ክበባችን ውስጥ ያለው አንድ ሽክርክሪት ነው ማለት ነው፣ ጎን ለጎን ያሉት መግቢያዎችም ያንኑ ያነባሉ። ክበቡን ወደ 70 ሜትር ብናሰፋው ደግሞ በላይኛው በኩል እንከስራለን፦ በ4 ኸርዝ የሞገድ ርዝመቱ 85 ሜትር ስለሆነ ከአድማስ የሚመጣው ድምፅ በክበቡ ውስጥ ራሱን ሊያጠፋ ይደርሳል። 35 ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧም እንደ ዋሽንት 2.4 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል።

0.2 ኸርዝን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥንቶቹ የከባቢ አየር ሙከራዎች በወጣው፣ ፔሬድን (አንድ ሞገድ የሚፈጀውን ጊዜ) ከፍንዳታው ጉልበት ጋር በሚያያይዘው ቀመር 1 ኪሎቶን 4.8 ሴኮንድ ገደማ ፔሬድ ይሰጣል፤ ያ 0.21 ኸርዝ ነው። የውቅያኖስ ማዕበሎች እርስ በርስ ሲጋጩ የሚያወጡት ማይክሮባሮም የሚባለው የማያቋርጥ ጉምጉምታም ጫፉ እዚያው 0.2 ኸርዝ ላይ ነው። ስለዚህ የምንፈልገውን ትንሽ ፍንዳታ በማጣሪያ ከባሕሩ መለየት አይቻልም፤ አንዱን ስንቆርጥ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። መለየት የሚቻለው በመጣበት አቅጣጫ ነው። ለአቅጣጫ ደግሞ የሚያስፈልገው የነጥቦች ብዛትና አቀማመጥ ነው። ገንዘቡን ከውድ ሴንሰር አንስቼ ወደ ተጨማሪ ነጥቦች ያዞርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አራት ነጥብ ላለው ጣቢያ የተለመደው አቀማመጥ ሦስት ማዕዘንና መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ ነው። አንዷ ስትበላሽ ሦስት ይቀራሉ፤ ሦስት ነጥብ አቅጣጫ ይሰጣል እንጂ መልሱ ትክክል መሆኑን የሚመሰክር ትርፍ የለውም። እኔ 8 ያዝኩ፦ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አምስት ማዕዘን ከውጭ፣ ከ150 እስከ 300 ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ከውስጥ። የውጩ ለ0.2 ኸርዝ አቅጣጫውን ያጠራል፣ ምክንያቱም ሞገዱ 1.7 ኪሎ ሜትር ነው። የውስጡ ደግሞ 1 ኸርዝና ከዚያ በላይ ላይ ነጥቦቹ ተራርቀው የሐሰት አቅጣጫ እንዳያወጡ ይጠብቃል። ርቀቶቹን እኩል እኩል ማድረግ ለዓይን ያምራል፤ ለስሌቱ ግን መጥፎ ነው። ሁሉም ጥንዶች የተለያየ ርዝመትና አቅጣጫ ቢኖራቸው ይሻላል።

ቦታዎቹን ስንለካ የሚሠራው ስህተት ጸጥ ብሎ ይገባል። የቆዩት 1:50,000 ካርታዎቻችን የተሠሩት በአዲንዳን መነሻ (የቦታ መጋጠሚያዎች በሚቆጠሩበት የቆየ ሥርዓት) ነው፤ ጂፒኤስ የሚሰጠው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ሥርዓት። በሁለቱ መካከል ከ100 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ስምንቱም ነጥብ አብሮ ቢንሸራተት አቅጣጫው አይጎዳም። አንዱን ከካርታ፣ ሌሎቹን ከጂፒኤስ የወሰደ ሰው ግን በ2 ኪሎ ሜትር ላይ እስከ 3 ዲግሪ ያጣል፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ ድምፅ 2 ኪሎ ሜትሩን የሚያቋርጠው በ5.9 ሴኮንድ ስለሆነ የአንድ ነጥብ ሰዓት በ0.1 ሴኮንድ ቢሳሳት 1 ዲግሪ ገደማ ይጠፋል። የጂፒኤስ አንቴናው ዛፍ ሥር ከተደበቀ ሰዓቱ በራሱ መንሸራተት ይጀምራል፣ ዳታው ግን መምጣቱን አያቆምም። ይህ ነው ክፋቱ።

አሁን ወደ ቧንቧው፤ በጥገና ጊዜ ከሁሉ በላይ እጅ የሚይዘው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ መግቢያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርዝመት እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ቧንቧው ውሃ እንዳይቋጥር 2 በመቶ ያህል ተዳፋት ይሰጠዋል፣ መግቢያዎቹ ወደ ታች ይዞሩና በብረት ወንፊት ይሸፈናሉ፣ ከላያቸው ጠጠር ይከመራል። ፕላስቲክ ቧንቧ ፀሐይ ላይ ከተተወ ይሰነጠቃል። ወንፊት የሌለው መግቢያ የጉንዳንና የሸረሪት ቤት ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይደፍነዋል።

ፍሳሽ ለመፈተሽ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። መግቢያዎቹን ሁሉ መድፈን፣ ውሃ የያዘ ግልጽ ጎማ በዩ ቅርጽ ማገናኘት፣ በብስክሌት መንፊያ የውሃው ልዩነት 20 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን መንፋት፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ። 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ 2,000 ፓስካል ያህል ነው። ማታለያው ሙቀት ነው፦ በዚህ ከፍታ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለው አየር 1 ዲግሪ ሲሞቅ ውሃው 2.5 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ፀሐይ ያገኘው ቧንቧ እያፈሰሰም ቢሆን ግፊቱን የያዘ ይመስላል፤ ደመና ያጠለለበት ደግሞ ሳያፈስ ፈሰሰ ያሰኛል። ፈተናውን ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ማድረግ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል በቦታው የሚደረግ ማስተያየት ነው። ቧንቧ የሌለው ሁለተኛ ሴንሰር ከዋናው ጎን ይቀመጥና በተረጋጋ ሌሊት የሁለቱ ምልክት በየፍሪኩዌንሲው ይነጻጸራል። ማይክሮባሮም ሁለቱም ጋ እኩል ስለሚደርስ ነፃ መለኪያችን ነው። በ0.2 ኸርዝ ላይ ሬሾው ከ1 ከራቀ ወይም ፌዙ (የሁለቱ ሞገዶች የጊዜ አሰላለፍ) ከተለያየ ከመግቢያዎቹ የተደፈነ ወይም የፈሰሰ አለ። የዚህን ሁለተኛ ሴንሰር ዋጋ ከበጀት ለመሰረዝ የሚቀርበውን ሐሳብ አለመቀበል ይበጃል፤ እሱ ከሌለ ቧንቧው መበላሸቱን የምናውቀው በዓመቱ ነው።

ቦታ ስንመርጥ ዛፍ ከቧንቧ ያላነሰ ይረዳል። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ነፋስ ይሰብራል፣ ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቆርጦ ይሸጣል፤ በዚያ ቀን ጣቢያው ሌላ ጣቢያ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ደን ጥቅጥቅ ያለና የማይቆረጥ ስለሆነ ይሻላል፣ ፈቃዱ ከተገኘ። ድምፅ ማጉያው አይረብሽም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ እሱ ከ20 ኸርዝ በላይ ስለሆነ እኛ ጋ አይደርስም። የሚረብሸው ከብት ነው፣ ቧንቧ ይረግጣል። አጥሩን ለሰው ሳይሆን ለጥጃ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

ኃይሉን በአጭሩ፦ ለአንድ ነጥብ 8 ዋት ይዣለሁ፣ በቀን 192 ዋት ሰዓት። ለ5 የክረምት ቀናት፣ ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳናወርድ፣ 12 ቮልት 160 አምፒር ሰዓት ይፈልጋል። ፀሐይ በቀን 3 ሰዓት ብቻ ትሠራለች ብለን ብናስብ ከ100 ዋት ያነሰ ፓነል ይበቃል፤ እኔ ለአቧራው ጭምር 150 አድርጌዋለሁ። ዳታው ሳይታመቅ በቀን 55 ሜጋባይት ነው፣ የሞባይል ኔትወርክ ይሸከመዋል።

የላይኛው አየር በእጃችን ስላልሆነ ዕቅዱ ሊያውቀው እንጂ ሊያስተካክለው አይችልም። ድምፁ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ወጥቶ የሚመለሰው እዚያ ያለው ነፋስ ከድምፁ ጋር አብሮ ሲነፍስ ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮሶች በክረምታቸው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ በበጋቸው በተቃራኒው ይነፍሳል። በእኛ ኬክሮስ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደጋገም ዑደት አለ። ስለዚህ «ጣቢያው እስከዚህ ርቀት ይሰማል» የሚል አንድ ቁጥር ዕቅድ ውስጥ መጻፍ ስህተት ነው። በየወሩና በየአቅጣጫው፣ ቀንና ሌሊት ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ሌሊት መሬት ላይ ያለው ነፋስ ስለሚተኛ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ለመፈተኛ የሚሆን እውነተኛ ሙከራ የለም። የመጨረሻው የከባቢ አየር ኑክሌር ሙከራ የቻይናው ነበር፣ በጥቅምት 1980 እንደ ፈረንጆቹ። ያለን ምትክ ነው፦ በየካቲት 2013 የቼልያቢንስክ ሜትሮር፣ በነሐሴ 2020 የቤይሩት ወደብ፣ በጥር 2022 የቶንጋ እሳተ ገሞራ። ለአካባቢያችን የሚጠቅመው በ2011 የፈነዳው የኤርትራው እሳተ ገሞራ ናብሮ ነው፤ ጅቡቲ ጣቢያ በ264 ኪሎ ሜትር ርቀት ቀድቶታል። ለዕለት ተዕለት ግን የድንጋይ ካባ ይበቃል። ፈንጂው የት እንደተቀበረና የተተኮሰበት ሰዓት ከታወቀ የተሰላው አቅጣጫ ከእውነተኛው ጋር ይመዘናል። ስህተቱ በሁሉም ካባዎች ወደ አንድ ወገን ካጋደለ መጋጠሚያ ነጥቦቹን፣ ዛሬ ቀኝ ነገ ግራ ካለ ነፋሱን መጠርጠር ነው።

ከወደፊቱ ቴክኖሎጂ ዕቅዱ ውስጥ ያስገባሁት ራሱን በኤሌክትሪክ ምት የሚፈትሽ ሴንሰርና በቧንቧ ፋንታ የሚተከል የጨርቅ ጉልላት ናቸው። ጉልላቱ አያስተጋባም፣ ውሃም አይቋጥርም፤ ከ0.5 ኸርዝ በታች ግን ብዙ እንዲረዳ አልጠብቅም፣ ስለዚህ ለውስጦቹ ሦስት ነጥቦች ብቻ ነው። ግፊትን በመስመር ሙሉ የሚያነበው የብርሃን ፋይበር ሴንሰር ለመግቢያ ብዛት ጥያቄ ትልቅ መልስ ነው፤ ሆኖም አንባቢው መሣሪያ ኃይል ይበላል፣ በ8 ዋት ነጥብ ላይ አይቆምም። ፊኛ ላይ የሚሰቀለው ሴንሰር ከነፋሱ ጋር ስለሚጓዝ ጸጥተኛ ነው፣ ነገር ግን ዛሬ ያለበት ቦታ ነገ የለም። ለፋይበሩ በየነጥቡ ከመሬት በታች አንድ ባዶ ቱቦና 60 ሴንቲ ሜትር በ60 የሆነ ትርፍ የሲሚንቶ መደብ አስቀርቼለታለሁ፤ ቱቦው ውስጥ መጎተቻ ገመድ አለ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ተደፍነዋል።