ለ15 ቀን ነበር የመጣሁት

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ደወለች። "አሁንስ አልበቃሽም? እዛ ሙቀት ውስጥ ምን ይዞሽ ነው?" አለችኝ። የምታውቀው መሥሪያ ቤት ሰው ይፈልጋል፣ ደሞዙም ከኔ ይሻላል። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። 9 ዓመት ድሬዳዋ ኖሬ "ሰዉ ጥሩ ነው" ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። እሱን ደግሞ ስለ ድሬ ሁሉም ይለዋል።

እውነቱን ለመናገር ሰሞኑን ያለሁት እሮሮ ላይ ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ እየተንቀራፈፈ ይቆማል፣ እኔም ዝምታው ይቀሰቅሰኛል። ውሃውማ አይወራ። ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያዬን ከገዛሁት ዓመት አልሞላኝም፣ ውስጡ ነጭ ልባስ ይዟል፤ በማንኪያ ስፍቀው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰባበረ ይወድቃል። እህቴ አንዴ ልትጠይቀኝ መጥታ ፀጉሯን ልትታጠብ ብትል አረፋው እምቢ ስላላት ሳሙናዬን አውጥታ ጣለችው። ሳሙናው ምን በደለ?

የመጣሁት ለ15 ቀን ነበር። ኦዲተር ነኝ። የአንድ ድርጅት መጋዘን እንድቆጥር ተልኬ፣ በግንቦት፣ ጥቁር ሱሪና ድፍን ጫማ አድርጌ ከች አልኩ። ሞኝነቴ! ኦዲተር ማለት ደግሞ በጨዋ ቋንቋ ሰው የማያምን ማለት ነው፤ ደሞዜ የሚከፈለኝ ለዛ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ፣ የቆጠራ ቅጹ አለቀብኝና ኮፒ ፍለጋ ከዚራ ወጣሁ። ለማታውቁት፣ ከዚራ ማለት ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው፣ መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስለው፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተገናኝተው ጥላ የሠሩለት ሰፈር ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ስትገቡ ግን መንገዱ እንዳሻው ይጠማዘዛል። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ብቻ ነው፤ በ1998 ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እስከ ዛሬ ሌሊት ዝናብ ሲበረታ ጎረቤቶቼ አይተኙም።

በዛ ሰዓት ታዲያ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ድሬ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የጥላና የበርጫ ነው፣ ይሄን የነገረኝ የለም። አንድ በር ብቻ ገርበብ ብሎ አገኘሁ። ገባሁ። ሰውዬው ሽርጡን አገልድሞ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሏል፣ ዓይኑ ተከድኗል፣ ጉንጩ ተወጥሯል።

"ኮፒ አለ?" አልኩ።

"አለ እህቴ። ማሽኑ በርቷል፣ አረንጓዴዋን ንኪያት" አለኝ። ንቅንቅ አላለም።

"ሂሳቡስ?"

"ገጹ አንድ ብር። እዛ ቆርቆሮ ውስጥ ጣዪው፣ መልስ ካለሽም ከዛው ውሰጂ አቦ።"

ቆርቆሮው የብስኩት ነው፣ ክዳን የለውም፣ ብር ሞልቶታል። ያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰው ያረጋገጠውን ደረሰኝ አላምንም ብዬ በአራተኛ ሰው ሳስፈርም ነበር ያረፈድኩት። ቆሜ ቀረሁ። ከዛ ራሴ ኮፒ አደረግኩ። አንዷ ወረቀት ግን ማሽኑ ውስጥ ተጨማዳ ወጣች።

በነገራችን ላይ ከተማዋ ራሷ እንደኔው ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሊሄድ የታሰበው ሐረር ነበር። ተራራው አስቸጋሪም ውድም ሆነና ሐዲዱ ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲገባ ድሬዳዋ ተወለደች። መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። እንግዲህ ሌላ ቦታ ሊሄድ የነበረ ሁሉ እዚህ ይቀራል ማለት ነው። እኔም 15 ቀኑ ሲያልቅ ቆጠራው ይራዘም ብዬ ጻፍኩ። በኋላ እዚሁ ቅርንጫፍ ቦታ ሲከፈት ተወዳደርኩ። ምክንያት የሚለው ክፍት ቦታ ላይ ምን እንደሞላሁ አላስታውስም፤ የሆነ የውሸት ነገር ነው፣ "የሙያ ዕድገት" ምናምን።

ትናንት ማታ ለእህቴ ደወልኩና የኮፒ ቤቱን ነገር አወራኋት። እሷ ደግሞ ባንክ ነው የምትሠራው፣ እንደኔው ናት።

"ስንት ገጽ ነበር?" አለች።

"14። እኔ ግን 15 ብር ልጥል ነበር፣ ስለተበላሸችው።"

"እና?"

"የተበላሸችውን አትክፈዪ አለኝ። ዓይኑን እንኳን አልገለጠም። ስትጨማደድ ድምጿን ሰምቶ ነው።"

ትንሽ ዝም አለች። "እና ለዚህ ብለሽ ነው 9 ዓመት?"

"መሰለኝ" አልኳት።