የቀበቶ ማስረዘሚያ

ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ከመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ አጠገብ፣ ሁለት የደኅንነት ቀበቶ ማስረዘሚያዎች ሁልጊዜ አሉ። የዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች በሚያርፉበት ሆቴል የሚሠራ ሾፌር ያለ እነሱ አይንቀሳቀስም። በፊት መስመር የሚሰለፉት ልጆች 300 ፓውንድ (136 ኪሎ ያህል) ስለሚመዝኑ የመኪናው ቀበቶ ወገባቸውን ሳይዞር ያልቃል።

እናትና ልጁን ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣኋቸው እ.ኤ.አ. ጁን 2023 በአንድ ዓርብ ነበር። ምልምሎች፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ለቡድኑ የሚፈልጋቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ሊጎበኙ ሲመጡ ሁለት ሌሊት ያድራሉ፣ ወጪው የዩኒቨርሲቲው ነው፣ እሑድ እኔው እመልሳቸዋለሁ። ልጁ ረጅም ነው፤ ለሚሰለፍበት ቦታ ግን ቀጭን ነበር። ማስረዘሚያውን ላቀብለው ዞር ስል ቀበቶውን አስሮ ጨርሷል፤ ትርፍም ነበረው። እናቱ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት። ከሥራ ወጥታ ቤቷ ሳትገባ ነው ወደ አውሮፕላኑ የሄደችው። ከማረፊያው ግቢ ሳንወጣ እንቅልፍ ጣላት።

መንገዱ 50 ደቂቃ ይወስዳል፤ ያን ሰሞን ደግሞ አስፋልቱ ተቆፍሮ ነበር። በመስታወቱ ስመለከት ልጁ መዳፉን በእናቱ ራስና በመስኮቱ መካከል አስገብቶ ይዟል። በሌላው እጁ ሬዲዮውን እንድቀንስለት ጠቆመኝ። መኪናው በዘለለ ቁጥር የሚመታው የእጁ ጀርባ ነው። ሆቴሉ በር ላይ እስክንቆም አላነሣውም። አንጀቴን በላው። እኔ የእናቴን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው፤ ለቀብሯም አልደረስኩም። ያን እጅ ያየሁት ይህን በሆዴ ይዤ ነበር።

ዲሴምበር 20 ቀን ምልምሎች የሚፈርሙበት ረቡዕ ነበር፤ ደጋፊዎቹ በሆቴላችን አዳራሽ ምሳ አዘጋጅተዋል። ቡድኑ በዚያ ዓመት ካደረጋቸው 12 ጨዋታዎች 9ኙን ተሸንፏል። አሠልጣኙ የፈራሚዎቹን ቪዲዮ በየተራ ያሳያል፣ ሰው ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ለወጉ ያህል ነበር። ሲያበቃ እንግዶቹን ወደ መኪና ማቆሚያው የማደርሰው እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ዙር አንድ ጡረተኛና አማቻቸው ገቡ። ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ፤ በሜዳቸው የሚደረግ ጨዋታ አያመልጣቸውም፣ ጉርሻቸውም አይጓደልም። አማቻቸው ስልኩን ከፍቶ ለምልምሎች እንደ ችሎታቸው እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጥበትን ዝርዝር ያነባል፦ ባለ ሦስት ኮከብ፣ ባለ ሦስት ኮከብ፣ ባለ ሁለት ኮከብ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ሰጠው። ሲነገር ስሰማ የኖርኩት ስለሆነ የሚለው ሁሉ እውነት መሆኑን አውቃለሁ። አምስት ኮከብ የሚሰጣቸው በመላ አገሪቱ በዓመት 30 ምናምን ልጆች ቢሆኑ ነው፤ እነሱም ወደ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ በነበሩት አሥር ዓመታት የአገሪቱን ዋንጫ ያነሣ ቡድን ሁሉ ከመለመላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከብ ነበሩ። ይህን ሁሉ በጨዋ ድምፅ አስረዳ። ከዚያ ወደ ልጁ ስም ደረሰ።

«255 ፓውንድ» አሉ ሽማግሌው። «ለመስመር ተጫዋች! ይህን ነፋስ ይወስደዋል። ሌላው የጣለውን ነው እኛ የምንለቅመው።»

ደሜ ፈላ። አባቴ በሬ ሲገዛ ሻኛውን ዳብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ወዲያና ወዲህ አስኪዶ ነው። እነዚህ ሰዎች ያን ልጅ በዓይናቸው እንኳ አላዩትም።

«ልጁን አመጣሁት እኮ» አልኩ፤ ሳላስበው ነው የወጣኝ።

«ማንን?»

«አሁን የጠሩትን ልጅ። በጁን ከእናቱ ጋር።»

«እና እንዴት ነው? ጠንካራ ነው?»

«እናቱ ሌሊት ሠርታ ነበርና ተኝታ መጣች። እሱ 50 ደቂቃ ሙሉ ጭንቅላቷ መስኮቱን እንዳይመታ በእጁ ይዞ ነው የመጣው።»

መኪናው ውስጥ ዝም አለ። ከዚያ ሽማግሌው «አንተ ፉትቦል ታውቃለህ?» አሉኝ። አነጋገራቸው ክፋት አልነበረውም። ያናደደኝም ምናልባት ይኸው ነው።

«ፉትቦል አላውቅም። ልጁን ግን አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ጥሏችሁ የትም አይሄድም።»

አማቻቸው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። ሲወርዱም ጉርሻ አልሰጡኝም።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አስፈረመኝ። የእንግዳን ጉዳይ ለሌላ እንግዳ አውርተሃል የሚል ነው። ሕጉን አልጠላውም፤ የዚያችን ሴት ድካም ሳትፈቅድልኝ ለማያውቋት ሰዎች መናገሬ ጥፋት ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ በዚያ ሳምንት እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሞ፣ እዚያው ሆቴል ያደሩትን ልጆች በስም እየጠራ «የማይረባ ምልመላ» ሲል ነው የሰነበተው። ያን ማንም እንግዳን ማማት ነው አላለውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እንግዳ አልናገርም ብዬ አፌን ያዝኩ።

ቤቴ ግን ማንበብ ጀመርኩ። ጄጄ ዋት የሚባለው ከታላላቆቹ ተከላካዮች አንዱ ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ባለ ሁለት ኮከብ ነበር። የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ፒዛ በመኪና ሲያደርስ ከርሞ፣ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲን ቡድን ነጻ የትምህርት ዕድል ሳይሰጠው ተቀላቀለ፤ በ2011 በ11ኛ ተራ ወደ ፕሮፌሽናል ሊጉ ተመረጠ። አንድ ዋት ስለ ሺዎቹ ባለ ሁለት ኮከቦች ምንም እንደማይነግር አማቹ ያስረዳኝ ነበር፤ ልክም ነው። እኔ ግን የፈለግሁት ሺዎቹን አልነበረም።

ልጁ የመጀመሪያውን ዓመት አብዛኛውን ተቀምጦ አሳለፈ። በጊዜው ደንብ አዲስ ገቢ እስከ 4 ጨዋታ ቢሰለፍ እንኳ ዓመቱ ለመጫወት ከተፈቀዱለት ዓመታት አይቆጠርበትም ነበር፤ ስለዚህ ይበላል፣ ብረት ያነሣል፣ ይጠብቃል። ቡድኑ በሜዳው ከሚጫወትበት ቀን በፊት እኛ ዘንድ ስለሚያድር፣ ከአውቶቡሱ የተረፉትን እኔ አመላልሳለሁ። በ2025 የውድድሩ መጀመሪያ ላይ ቫኑ ውስጥ ሲገባ መኪናው በእሱ በኩል ዝቅ አለ። ቀበቶውን ስቦ ስቦ ሲያቅተው ሳቀና ያለ ምንም ቃል እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ማስረዘሚያውን ሰጠሁት። መቆለፊያው ውስጥ ገብቶ ጠቅ ሲል የተሰማኝን ደስታ ለማንም አልነገርኩም። ያን ዓመት ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ መጨረሻው በግራ መስመር ተሰለፈ። ቡድኑም ቀና አለ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ቀና አለ።

ጃንዋሪ 2026 ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ የሚቀይሩበት የዝውውር በር ሲከፈት ሄደ። ከጁላይ 2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ጣሪያው ለመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የእኛው እዚያ ጣሪያ አጠገብ አይደርስም። የሚደርስ ወሰደው። ወሬውን የሰማሁት ነዳጅ ስቀዳ ነው፤ መኪናው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። የማምነው ሰው ሳይሰናበተኝ የሄደ ያህል ነበር፤ ለእኔ ምንም ቃል እንዳልገባ ግን አውቃለሁ።

በወሩ መጨረሻ ሽማግሌው ለቅርጫት ኳስ ጨዋታ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ከኋላዬ ተቀመጡ።

«ያንተ ልጅ ሄደ» አሉ።

«ሄደ።»

«የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን አየህ? በ2023 እንደ እኛው 9 ጨዋታ ተሸንፎ ነበር። አዲስ አሠልጣኝ አመጣ፣ ከዝውውር ሰበሰበ፣ ይኸው 16 ጨዋታ 16ቱንም አሸንፎ ዋንጫ አነሣ። ያ ሁሉ የኮከብ ቆጠራ ገደል ገባ። እኛ ደግሞ ያን ልጅ ከ255 ፓውንድ አንሥተን አሳድገን ለሰው ሰጠን። እንዴት ያለ ልጅ!»

«ነፋስ ይወስደዋል» ያሉትን ላስታውሳቸው ፈለግሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔም «የትም አይሄድም» ብዬ ነበርና ዝም አልኩ።

የትራፊክ መብራት ያዘን። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እናቱስ?» አሉ። «አሁንም ሌሊት ነው የምትሠራው?»

በመስታወቱ አየኋቸው። ኦክቶበር ላይ ለጨዋታ ስትመጣ እኔ ነበርኩ ያመጣኋት፤ ያን ጊዜም ከሌሊት ሥራ መውጣቷ ነበር። የፈረምኩት ወረቀት እስከ አሁን ፋይሌ ውስጥ አለ።

«አዎ» አልኳቸው፤ «እስከ ኦክቶበር ድረስ ሌሊት ነበረች።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። እስኪወርዱ ድረስ ስለ ልጁ ሌላ ቃል አልተናገሩም።