ልቡ ቆሞ የተመለሰ ዘመድ፦ «ስካኑ ደህና ነው» ሲባል

በሰው አገር ዘመድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ቋንቋ የሚችለው ልጅ አስተርጓሚ ይሆናል። ሐኪሙ «ሲቲ ስካኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም» ይላል፤ እናት ጆሮ ሲደርስ «አንጎሉ አልተጎዳም» ሆኗል። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ከውጤቱ በፊት፣ ስካኑ ልብ ከተመለሰ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደተነሳ ጠይቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ከሚነሳባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ልቡን ያቆመው የአንጎል ደም መፍሰስ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። ኦክስጅን በማጣት የመጣው ጉዳት በዚያ ሰዓት ላይታይ ይችላል፤ ሴሎቹ ውኃ ይዘው የሚያብጡት ቀስ በቀስ ነውና። እብጠቱ ሲበረታ በግራጫውና በነጩ የአንጎል ክፍል መካከል ያለው ድንበር ይደበዝዛል፣ በአንጎሉ እጥፋቶች መካከል ያለው ክፍተትም ይጠባል። አንዳንዴ እብጠቱ ራሱ በአንጎል ሽፋን ሥር ደም የፈሰሰ ያስመስላል።

ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ስካን) የበለጠ ያሳያል። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ቀን ነው። ዲፊውዥን በሚባለው የኤምአርአይ ምስል የተጎዳው ቦታ ያበራል፦ የአንጎሉ የላይኛው ንጣፍ (በተለይ የኋላው የእይታ ክፍል)፣ ቤዛል ጋንግሊያ (በአንጎሉ ጥልቀት ያለ፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ክፍል)፣ ትውስታን የሚይዘው ሂፖካምፐስ። ብዙ ጉልበት የሚፈጁ ሴሎች ቀድመው ይጎዳሉ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ብርሃኑ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ይህን እንደ መዳን አትቁጠሩት።

ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ወይም ሌላ ብረት በሰውነቱ ውስጥ ካለ ከኤምአርአይ በፊት ተናገሩ። ሌላ አገር የተተከለ ከሆነ የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል፤ የመሣሪያውን ካርድ ፈልጉ።

ስካን ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ቢያንስ 72 ሰዓት ጠብቆ፣ ካልነቃ ሰው ላይ ቢያንስ ሁለት መጥፎ ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ነው ከባድ ውጤት ይጠበቃል የሚለው፦ የዓይን ብሌን ለብርሃን አለመመለሱና ዓይን ሲነካ አለመርገብገቡ፣ የኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ) መጥፎ ንባብ፣ ከክንድ ነርቭ የሚላከው ምልክት አንጎል ላይ አለመድረሱ፣ የነርቭ ሴሎች ጉዳት የሚያሳይ የደም ምርመራ፣ በስካን የታየ ሰፊ ጉዳት። ሰውዬውን ለማስተኛት የተሰጠው ማደንዘዣ መቼ እንደቆመም ጠይቁ፤ ኩላሊት ወይም ጉበት ከደከመ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ሰውዬውም ካለበት ሁኔታ በላይ የተጎዳ ይመስላል።

ሐኪሞቹ ውጤቱን ለቤተሰብ ለሚያስረዱበት ስብሰባ ልጁን ከአስተርጓሚነት አሳርፉት። ብዙ ሆስፒታሎች በስልክ የሚያስተረጉም ባለሙያ ያቀርባሉ፤ ከስብሰባው በፊት ለነርሷ «አማርኛ» በሏት።