መልሱን በማውቀው ሳጥን ስታቲስቲክስን እንዴት ተማርሁ

የፕሮባቢሊቲና የስታቲስቲክስ መግቢያ ትምህርትን ስወስድ ቀመሮቹን በቃሌ ይዤ ፈተናውን አልፌ ነበር። ሆኖም የ50 ሰዎችን መልስ ይዞ ስለ ሚሊዮኖች መናገር ስለምን እንደሚቻል የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ነገሩ የገባኝ የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ያዕቆብ በርኑሊ ከሞተ ከ8 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1713 በታተመው ሥራው የተጠቀመበትን ምሳሌ ካነበብሁ ወዲህ ነው። በርኑሊ 3,000 ነጭና 2,000 ጥቁር ጠጠሮች የተቀላቀሉበትን ዕቃ በሐሳቡ አስቀምጦ፣ ይዘቱን የማያውቅ ሰው ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እያወጣና እየመለሰ ወደ ትክክለኛው ድርሻ ምን ያህል ሊቀርብ እንደሚችል ያሰላል። እኔም በሐሳብ ከማስላት ይልቅ በእጄ ልሞክረው ወሰንሁ።

1,000 ብጣሽ ወረቀቶች አዘጋጅቼ በ300ዎቹ ላይ ምልክት አደረግሁና ሁሉንም በአንድ ሳጥን ከተትሁ። ከዚያም ሳላይ አንድ ዕጣ አወጣለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ መልሼ እከታለሁ፣ ሳጥኑን እነቀንቃለሁ። የመጀመሪያው የ50 ዕጣ ናሙና 21 ምልክት ያላቸውን ሰጠኝ፤ ይህም 42 በመቶ ሲሆን የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ማለትም እውነተኛው ድርሻ ይገኝበታል ተብሎ ከናሙናው የሚሰላው ክልል፣ ከ28 እስከ 56 በመቶ ስለሚዘረጋ እውነተኛው 30 በመቶ በውስጡ ነበር። ግምቱን ለማጥራት ናሙናውን ወደ 200 ሳሳድገው ግን 86 ወጡ። 43 በመቶ ሆነ፤ ኢንተርቫሉም ከ36 እስከ 50 ጠበበና እውነቱን ከነጭራሹ ከውጭ አስቀረው።

ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አረጋገጥሁ፤ ስሕተት የለበትም። ምክንያቱን ያገኘሁት በጣቶቼ ነው፤ ምልክት ያለባቸውን ብጣሾች የቆረጥሁት ወፈር ካለ ወረቀት ስለነበር እጄ ሳይታወቀኝ እነርሱን ይመርጥ ነበር። የናሙና ብዛት የሚቀንሰው በዕድል የሚመጣውን መዋዠቅ እንጂ በአመራረጥ የገባውን አድልዎ አይደለም። እንዲያውም አድልዎ ባለበት ብዙ ዕጣ ማውጣት የተሳሳተውን ቁጥር ይበልጥ እርግጠኛ ያስመስለዋል፤ እኔ ከትምህርቱ ሁሉ የላቀ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ሁሉንም ከአንድ ዓይነት ወረቀት እንደገና ቆርጬ የ50 ዕጣ ናሙና 40 ጊዜ ወሰድሁ። ለእያንዳንዱ፣ የተገኘውን ድርሻ በቀሪው (ከ1 ሲቀነስ በሚተርፈው) አባዝቼ ለ50 አካፈልሁ፤ የውጤቱን ስኩዌር ሩት በ1.96 አብዝቼም ከድርሻው ላይ ደመርሁ፣ ቀነስሁ። 16 በወጣበት ዙር ክልሉ ከ19 እስከ 45 በመቶ ስለሆነ 30ን ያዘ። 8 ብቻ በወጣበት ዙር ግን ከ6 እስከ 26 ሆኖ ሳተው። በጠቅላላው 37ቱ ያዙ፣ 3ቱ ሳቱ። የስታቲስቲክስ ሊቁ የርዚ ኔይማን እ.ኤ.አ. በ1937 ያስረዳው ነገር በእነዚያ በሳቱት ሦስት ክልሎች ላይ ግልጽ ሆነልኝ፦ 95 በመቶ የተባለው አንድ ጊዜ ተሰልቶ ስላለቀው ክልል ሳይሆን፣ ዘዴው ሲደጋገም ስንት ጊዜ እንደሚይዝ ነው። ከ6 እስከ 26 ያለው ክልል 30ን ወይ ይዟል ወይ አልያዘም፤ እኔ ሳጥኑን ስለማውቀው አለመያዙን አየሁ፤ መረጃ ብቻ በእጁ ያለ ተመራማሪ ግን ይህን ማየት አይችልም።

ናሙናውን በዚህ በተስተካከለው ሳጥን ወደ 200 ሳሳድገው የክልሎቹ ስፋት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ዕጣ ማውጣት እንደሚጠይቅ የተረዳሁት፣ ያን ሁሉ ወረቀት እያወጣሁ ስመልስ በዋልሁበት ቀን ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ፤ ከ40 ውስጥ 3 መሳታቸው ከዕድል ነው ወይስ ከቀመሩ? ለ50 ዕጣዎች የሚሆነውን ፕሮባቢሊቲ በኮምፒውተር ሳሰላው፣ ይህ ቀመር 30ን የሚይዘው ከ10 እስከ 21 ምልክቶች ሲወጡ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የዚህም ዕድል 95 ሳይሆን 93.5 በመቶ ገደማ ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዊን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረበው ክልሉን የማስሊያ ሌላ ዘዴ ግን 9 ሲወጣም 30ን ስለሚይዝ 95.7 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ለትናንሽ ናሙናዎች የምጠቀመው የዊልሰንን ነው።